ቪቪኤም ሙቀትን እንጂ ቅዝቃዜን አያውቅም

"ቪቪኤሙ ደህና ነው፤ ስለዚህ ክትባቱም ደህና ነው።" ብዙ የነርሲንግ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቪቪኤም በክትባት ብልቃጥ ላይ ያለ፣ ሙቀት ሲያገኘው የሚጠቁር ምልክት ነው።

ብልቃጡን ጠጋ አድርጋችሁ እዩት፦ አንድ ክብ፣ በውስጡም ካሬ አለ። ካሬው ከክቡ ፈካ ካለ ክትባቱን ሙቀት አላበላሸውም። ቀለማቸው እኩል ከሆነ ወይም ካሬው ከክቡ ይበልጥ ከጠቆረ ይወገዳል። "ጠቆር ብሏል" ብሎ ብቻ መጣል ግን ብክነት ነው፤ ከክቡ እኩል እስካልሆነ ድረስ ይሰጣል፣ እንዲያውም ቅድሚያ የሚሰጠው እሱ ነው። አንዴ የጠቆረ ካሬ ማቀዝቀዣ ውስጥ ቢመለስም አይፈካም።

ቅዝቃዜን በተመለከተ ምልክቱ ምንም አይነግራችሁም። ፔንታቫለንት (አምስት በሽታዎችን የሚከላከል ክትባት) በረዶ ሆኖ ቢቀልጥ ካሬው እንደፈካ ይቀራል፤ ክትባቱ ግን ተበላሽቷል። በረዶ ሆኖ ያገኛችሁትን ፔንታቫለንት ያለ ምንም ሙከራ አስወግዱ። ቀልጦ ከሆነና ከጠረጠራችሁ ሼክ ቴስት (ወዝውዞ የማየት ሙከራ) አለ፦ ሆን ተብሎ በረዶ ከተደረገና ከቀለጠ የዚያው ባች (አብሮ የተመረተ) ብልቃጥ ጋር ወዝውዛችሁ አቁሙት። የተጠረጠረው እኩል ወይም ቀድሞ ከዘቀጠ አይሰጥም።

የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑ ደግሞ ለብቻው ይታያል፤ ካሬው የቱንም ያህል ቢፈካ ቀኑ ያለፈበት ብልቃጥ ይወገዳል።