ባለዘውድ ጥቁር ሽመላ በጣና ዳርቻ

ባለዘውድ ጥቁር ሽመላ አናቱ ላይ እንደ ወርቅ ሐር የተተከለ ጉትዬ ያለው፣ ጉንጩ ከላይ ነጭ ከታች ቀይ የሆነ፣ ቁመቱ 1 ሜትር ያህል የሚደርስ ወፍ ነው። ግሩይዴ በሚባለው የአእዋፍ ቤተሰብ ውስጥ ይመደባል፤ የኋላ ጣታቸው ረዘም ስለሚል ከዚህ ቤተሰብ ዛፍ ላይ ማደር የሚችሉት ባለዘውዶቹ ብቻ ናቸው። ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ በተዘረጋው ቀጠና ይኖራል። ቁጥሩ እያሽቆለቆለ በመሄዱ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም አቀፉ ቀይ መዝገብ ለመጥፋት ተጋላጭ ተብሎ ተመዝግቧል።

በጣና ዙሪያ ዋና መኖሪያው የፎገራና የደምቢያ ሜዳ ነው። በበጋ ከአውሮፓና ከሩሲያ በአሥር ሺዎች እየሆኑ የሚመጡት ግራጫ ዘመዶቹ የጎብኚውን ዓይን ይወስዳሉ እንጂ፣ እነርሱ እንግዶች ናቸው፤ ቃርሚያቸውን ለቅመው ይመለሳሉ። ጥቁሩ ግን እዚሁ ይፈለፈላል፣ እዚሁ ያድጋል። ስለዚህ የሜዳው ለውጥ ሁሉ በእርሱ ላይ ያርፋል።

ለውጡ ደግሞ ቀላል አይደለም። ፎገራ ቀድሞ የሚታወቀው በከብቱና በግጦሹ ነበር። ከ1970ዎቹ ወዲህ ሩዝ ሜዳውን እየወረሰ ሲመጣ፣ ከብቱ በተረፈችው ረግረግ ላይ ተጨናነቀ። የሸሸርና የወላላ ረግረጎችም በመስኖ ፓምፕና ውኃው እየሸሸ ሲሄድ በሚታረሰው የባሕር ሸሽ እርሻ ተሸርሽረዋል፤ ውኃው ገና ሳይጎድል ሽንኩርትና ጓያ የሚጠብቀው መሬት ብዙ ነው። ገበሬውን መውቀስ ግን አይገባም፤ ያን ያህል ለም መሬት ጦም እንዲያድር የሚፈቅድ ማን አለ? ወፉም ቢሆን የእርሻ ጠላት አይደለም። አዲስ የተዘራ እህል መልቀሙ አይካድም፤ ነገር ግን መሬቱን በእግሩ እየደበደበ አንበጣና ሌላ ነፍሳት አስነሥቶ ይበላል።

ጎጆውን የሚሠራው በክረምት፣ ጥልቀት በሌለው ውኃ ላይ ቄጠማ መሐል ነው። ከ2 እስከ 5 እንቁላል ይጥላል፤ ወንድና ሴት እየተፈራረቁ አንድ ወር ያህል ይታቀፋሉ። ጫጩቶቹ ወዲያው ቢራመዱም ለመብረር ከ2 ወር በላይ ይፈልጋሉ። ለእንቁጣጣሽ ገበያ ቄጠማ የሚታጨደው እንግዲህ በዚሁ ወቅት ነው።

የውኃ ወፎች ዓለም አቀፍ ቆጠራ የሚካሄደው በጥር አካባቢ ነው። በ1966 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርም በዚህ ሥራ ተሳትፎ አለው። ቆጣሪዎች ጎሕ ሳይቀድ ማደሪያው አጠገብ ይቆማሉ፤ መንጋው ሲነሣ አሥር አሥር እያደረጉ ይቆጥራሉ። ቡናማና ጉትዬው አጭር የሆነው የዘንድሮ ልጅ ነው፤ በመንጋው ውስጥ እንዲህ ያለው ካነሰ ክረምቱ ክፉ ነበር ማለት ነው። ችግሩ፣ የበጋ ቆጠራ ጎጆው የት እንደፈረሰ አይነግርም። ያንን የሚያውቀው ክረምቱን ሙሉ ሜዳው ላይ የሚውለው እረኛ ነው። በእኔ ግምት ከባሕር ዳር መነጽር ይዞ ከሚወርድ ተማሪ ይልቅ ስልክ የያዘ እረኛ የተሻለ በጎ ፈቃደኛ ይሆናል፤ ሁለቱ ቢጣመሩ ደግሞ ይበልጣል።

ጣና በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭ፣ ማለትም ሰውና ተፈጥሮ ተጣጥመው እንዲኖሩበት የሚጠበቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ የበጎ ፈቃድ ጉልበት በብዛት የሚፈስሰው ግን በ2011 እ.ኤ.አ. የታወቀውን እምቦጭ በእጅ ለመንቀል ነው። ወፉን ማየት የሚፈልግ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ወረታ አካባቢ በበጋ ማለዳ ቢወርድ ይሻለዋል። በክረምት ጎጆ የተሠራበት ቄጠማ ውስጥ መግባት ወላጆቹን ያስነሣል፣ እንቁላሉንም ለአዳኝ ያጋልጣል።