ጎንደር ለጉባኤ ሲመጡ፦ ከአዳራሹ ውጭ ያለው

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምርምር ጉባኤ ባዘጋጀ ቁጥር ከአዲስ አበባም ከውጭ አገርም እንግዳ ይመጣል። ብዙው እንግዳ ከሆቴል አዳራሽ፣ ከአዳራሽ ሆቴል ሲል ሰንብቶ ይመለሳል። ይህ ጽሑፍ ግማሽ ቀን እንኳ ተርፎት ወጣ ማለት ለሚፈልግ ነው። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከራሱ ከዩኒቨርሲቲው እንጀምር። ተቋሙን ያስወለደው ወባ ነው። በ1953 ደምቢያ ላይ የተነሳው ወረርሽኝ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ፈጀ። በዓመቱ፣ በ1954፣ የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሰልጠኛ ማዕከል ጎንደር ላይ ተከፈተ። መንግሥት፣ የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ እርዳታ በአንድነት ቆመውለታል። ኮሌጁ ሲጀምር ሐኪም አላሠለጠነም። ያሠለጠነው የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ፣ ማለትም ሳኒታሪያን ነው። ሦስቱ አንድ ቡድን ሆነው ወደ ጤና ጣቢያ ይወርዱ ነበር። መኮንኑ ሲያክም፣ ነርሷ ቤት ለቤት እናቶችን ስትጎበኝ፣ ሳኒታሪያኑ ምንጭ ያጎለብታል፣ መጸዳጃ ያስቆፍራል። የአገራችን የገጠር ጤና አገልግሎት እግሩን የተከለው በእነዚህ ልጆች ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ኮሌጁ በ2004 ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ዛሬ በሆስፒታሉ ግቢ የካላዛር፣ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ በሽታ፣ ምርምርና ሕክምና ማዕከል አለ። ወደ ሑመራና መተማ ለእርሻ ሥራ ወርደው በበሽታው የተያዙ ወጣቶች የሚታከሙት እዚያ ነው። በጤናው ዘርፍ የመጣ እንግዳ ጉብኝት ቢጠይቅ መልካም ነው።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ ለባጃጅ ሹፌር «ዩኒቨርሲቲ» ማለት አይበቃም። ማራኪ፣ ቴዎድሮስ፣ ፋሲልና የሆስፒታሉ ግቢ የተለያየ ቦታ ናቸው።

ወደ ከተማው ስንመጣ፣ ጎንደርን በ1636 የቆረቆራት አፄ ፋሲለደስ ነው። የነገሥታቱ ግቢ 900 ሜትር በሚሆን አጥር የተከበበ ሲሆን፣ በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። በቅርብ ዓመታትም ሰፊ እድሳት ተደርጎለታል። ግንቡን ማን ሠራው የሚለው ጥያቄ ዛሬም ያነጋግራል። በ1648 የመጣው የየመን መልእክተኛ አል-ሐይሚ ግንበኛው ሕንዳዊ ነው ብሎ ጽፏል። ፖርቱጋሎች ናቸው የሚለው ግን ብዙም አያስኬድም፤ ፋሲለደስ በፖርቱጋል ድጋፍ የመጡትን የካቶሊክ ሚስዮናውያን፣ ኢየሱሳውያኑን፣ ከአገር ያስወጣ ንጉሥ ነው። ድንጋዩም፣ ኖራውም፣ የለፋው ጉልበትም የዚሁ አገር ነው። ሲጎበኙ በታላቁ ግንብ ብቻ አይመለሱ። የኢያሱን ቤተ መንግሥት፣ የዮሐንስን ቤተ መጻሕፍትና የምንትዋብን ግንብ ለማየት ሁለት ሰዓት ይያዙ።

ከዘመነ መሳፍንት በኋላ ከተማዋ ብዙ ችግር አይታለች። ቴዎድሮስ በ1866፣ የሱዳን ማሕዲስቶች፣ ደርቡሾቹ፣ በ1888 አቃጥለዋታል።

ከዚያ እሳት የተረፈው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ነው። ንቦች ደርቡሾቹን አባረሯቸው ይባላል፣ ካህናቱም ይህን በሙሉ ልብ ይነግሩዎታል። ሲገቡ ጫማ ይወልቃል። ውስጡ ጨለም ስለሚል ዓይን እስኪለምድ ትንሽ ቆም ይበሉ። ቀስ በቀስ ከጣሪያው ላይ ክንፍ ያላቸው ፊቶች ይወጣሉ፤ ዓይናቸው ትልልቅ፣ አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ የሚያይ። 135 ናቸው የሚል አለ፣ ያነሰ የሚቆጥርም አለ። በፍላሽ ፎቶ ማንሳት ሥዕሉን ስለሚጎዳ ይተዉት።

የፋሲል መዋኛ ብዙውን ጊዜ ደረቅ ነው። ከቀሃ ወንዝ ውሃ የሚገባበት ለጥምቀት ነው። ባዶም ቢሆን ሄደው ይዩት፤ የዛፎቹ ሥር የድንጋዩን ግንብ እንደ ጣት ጨብጦ ይዞታል። ጉባኤው ከጥምቀት ጋር ከገጠመ አልጋ ቀደም ብለው ይያዙ።

አሁን ስለ ጉዞው። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። አውሮፕላን ማረፊያው አዘዞ ነው፣ ከከተማው ራቅ ይላል። በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ፣ ከ2023 ጀምሮም በክልሉ ግጭት ስላለ፣ በረራው ይመረጣል። ከከተማ ውጭ ከመውጣትዎ በፊት፣ በተለይ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው ደባርቅና ወደ ሰሜን ተራሮች ከመሄድዎ በፊት፣ የዕለቱን የመንገድ ሁኔታ አዘጋጆቹን ይጠይቁ። ማታ የመንቀሳቀሻ ሰዓት ገደብ መኖር አለመኖሩንም እንዲሁ። መንገዱ ሰላም ከሆነ ሰሜን አይታለፍም፤ ዋሊያውንና ጭላዳውን በአገሩ የሚያዩት እዚያ ነው።

ሰዓት ብዙ እንግዳ ያሳስታል። የእንግሊዝኛው ፕሮግራም 8:30 የሚለውን አስተናባሪዋ «ሁለት ተኩል» ትልዎታለች። ከዳያስፖራ የመጣ ሰው ሁለቱንም ጎን ለጎን ቢጽፍ ይበጃል። ከተማዋ ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች ማታው ይበርዳል፤ ጃኬት ወይም ጋቢ ይያዙ። ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ ነው። ረቡዕና ዓርብ የጾም ምግብ በየቦታው ስላለ በያይነቱን ያኔ ይብሉ። ቴሌብር ቢኖርዎትም ለባጃጅ፣ ለቡናና ለቅዳሜ ገበያ ዝርዝር ብር አይለይዎት።

የመጨረሻው ቀን ምሽት ላይ ነፃ ከሆኑ ጎሃ ኮረብታ ላይ ይውጡ። ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ አሥራ አንድ ተኩል ገደማ ቢደርሱ ግንቦቹም ከተማውም ከታች ተዘርግተው ይታያሉ።