«የዛሬ ልጅ ፈሪ ነው» እና ሌሎች የካፌ ወሬዎች

ፒያሳ ማኪያቶ ይዞ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ጄኔራል ነው። ሰሞኑን ደግሞ የወታደር እጥረት መወያያ ሆኗል። ጀርመን ወጣቶቿን መጠይቅ ማስሞላት ጀመረች፣ ጃፓን ምልምል አጣች፣ አሜሪካም አንድ ሰሞን ዕቅዷ ጎድሎባት ነበር ይባላል። ከዚያ ወሬው ዞሮ እኛው ላይ ያርፋል፤ «የኛስ ልጅ ይሻላል ብለህ ነው?» በዚህ ወሬ ውስጥ ደጋግሜ የምሰማቸውና ብዙም የማያስኬዱ አባባሎች አሉ። በየተራ እንያቸው።

«የዛሬ ልጅ ፈሪ ነው፤ ቲክቶክ አበላሽቶታል»

ዋናው ይሄ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልሰው።

እ.ኤ.አ. በ2022 የአሜሪካ ምድር ጦር 60 ሺህ ሰው ለመመልመል አቅዶ 15 ሺህ ገደማ ጎደለበት። በቀጣዩ ዓመትም 10 ሺህ ያህል አነሰው። ያኔ «ትውልዱ አለቀለት» ያላለ ተንታኝ አልነበረም። በ2024 ግን ዕቅዱን አሟላ። ዕቅዱን ወደ 55 ሺህ ዝቅ አድርጎ መሆኑን አንርሳ። በ2025 ደግሞ ወደ 61 ሺህ ከፍ አድርጎት እንኳ የበጀት ዓመቱ ሊያልቅ አራት ወር ሲቀረው ጨረሰ። በ2022 ፈሪ የነበረ ትውልድ በ2025 ጀግና ሆኖ አልተነሳም። ልጆቹ ያው ናቸው።

ታዲያ ምን ተለወጠ? አንዱ መግቢያው ነው። ፔንታጎን ራሱ ባስጠናው መሠረት፣ ከ17 እስከ 24 ዓመት ከሆናቸው አሜሪካውያን ውስጥ ያለ ልዩ ፈቃድ ለመግባት ብቁ የሆኑት 23 በመቶ ብቻ ናቸው። የቀሩት በውፍረት፣ በዕፅ፣ በአካል ወይም በአእምሮ ጤና ምክንያት ይወድቃሉ። ጦሩም በ2022 ለመግባት ጥቂት የጎደላቸውን ልጆች የሚያዘጋጅ፣ እስከ 90 ቀን የሚቆይ የመሰናዶ ሥልጠና ከፈተ። ክብደት የበዛበት ይቀንሳል፣ የጽሑፍ ፈተና የከበደው ይማራል። በ2024 ከገቡት ሩብ ያህሉ በዚህ መንገድ ያለፉ ናቸው። ለቀረው ጭማሪ ምስጋናው የኔ ነው እያሉ ፖለቲከኞቹ እስካሁን ይሻማሉ፤ እሱን ለነሱ እንተወው።

እንግሊዝ ደግሞ ይብሳል። መንግሥታቸው ራሱ እንዳመነው፣ በአሥር ዓመት ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ለጦሩ አመልክቶ፣ ከአራቱ ሦስቱ ያህል ሂደቱ ሳያልቅ ራሳቸው ትተውታል። የወረቀቱ መጓተት ከምክንያቶቹ አንዱ ነው። ብጉርና የአበባ ብናኝ አለርጂ ሳይቀሩ እንቅፋት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2024 እንዲህ ዓይነት ከ100 በላይ የሕክምና ደንቦችን መሰረዛቸውን ተናገሩ። ይህን ሰምቶ የሚስቅ ይኖራል። አንድ ማኅተም ለማስመታት ወር ሙሉ የተመላለሰ ሰው ግን አይስቅም።

ፍርሃት የለም እያልኩ አይደለም። የአሜሪካ ጦር ወጣቶቹን «ለምን አትገቡም?» ብሎ ሲያስጠይቅ በአንደኛነት የመጣው የሞት ፍርሃት ነው። ቀጥሎ ከጦርነት በኋላ የሚከተል የአእምሮ ጉዳት፣ ከዚያ ከቤተሰብና ከጓደኛ መለየት። ግን ሞትን መፍራት በዚህ ትውልድ አልተጀመረም። ወደሚቀጥለው ልለፍ።

«ድሮ ክተት ሲባል ሁሉም ስንቁን ቋጥሮ ይወጣ ነበር»

ጊዮርጊስ ጋ፣ የምኒልክ ሐውልት ሥር ቆሞ ይህን የሚል አይጠፋም። ለዓድዋ የወጣው ሕዝብ ብዛት አያጠያይቅም። ግን አዋጁን እስከ መጨረሻው አንብቡት። በመስከረም 1888 ዓ.ም. በወጣው ክተት ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ጉልበት ያለው በጉልበቱ፣ የሌለው በሐዘኑ እንዲረዳቸው ይለምናሉ። ከዚያ ግን ቃሉ ይከርራል። ወስልቶ ለሚቀር ሰው የተላከው መልእክት «ማርያምን! ለዚህ አማላጅ የለኝም» የሚል ነው። የሚወሰልት ሰው ባይኖር ኖሮ ይህ ሁሉ ዛቻ ለማን ነበር?

ቀረብ እንበል። በ1969 ዓ.ም. የእናት አገር ጥሪ ሲታወጅ ታጠቅ ጦር ሰፈር በጥቂት ወራት ውስጥ 300 ሺህ ገደማ ሚሊሺያ ሠልጥኖ ወጣ። የዚያድ ባሬ ጦር ድንበር ጥሶ ሲገባ ወዶ የዘመተው ብዙ ነው፤ ተገፍቶ የሄደም ነበር። ስድስት ዓመት ቆይቶ ደግሞ ደርግ የብሔራዊ ውትድርና አዋጅን አወጣ። ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለ ሁሉ ስድስት ወር ሠልጥኖ ሁለት ዓመት ያገለግላል፤ ከዚያ እስከ 50 ዓመቱ ተጠባባቂ ነው። ወረቀቱ ላይ ሲታይ ሥርዓት ያለው ነገር ነው። መሬት ላይ ግን ለየቀበሌውና ለየገበሬ ማኅበሩ ኮታ ወረደ። ኮታው ሲጎድል አፈሳ መጣ። ልጅ ከገበያ፣ ከመንገድ ላይ ታፍሶ ይሄዳል። እናት ልጇን ትደብቃለች። የነበረው ወኔ እዚያው አለቀ።

መጨረሻውንም የከተማችን ሰው በዓይኑ አይቷል። በ1983 ዓ.ም. ግማሽ ሚሊዮን ይጠጋ የነበረው ሠራዊት ተበተነ። አገር ጠብቆ የኖረ ሰው የነተበ ዩኒፎርሙን እንደለበሰ አዲስ አበባ ጎዳና ላይ ለመነ። የዛሬ ወጣት ይህን አላየም። ዛሬ ልጁን «ተው፣ ይቅርብህ» የሚለው አባት ግን አይቷል። እንደኔ እንደኔ ከቲክቶክ ይልቅ ይህ ትዝታ ያስቀራል። በአሜሪካ ምድር ጦርም ከአዲስ ገቢዎቹ አሥሩ ውስጥ ስምንቱ ያህል ከዘመዶቻቸው መካከል ያገለገለ ሰው አላቸው። ዘመዱ አገልግሎ በክብር ሲኖር ያየ ይከተላል። ተጥሎ ሲቀር ያየ ይሸሻል።

«አስገዳጅ ሕግ ይውጣና አለቀ»

ደርግ ሕጉም ነበረው፣ ሰውም ነበረው። መልሱ እዚያ ላይ ማብቃት በቻለ ነበር።

ጎረቤትንም እንመልከት። ኤርትራ በ1995 እ.ኤ.አ. ያወጣችው ሕግ 18 ወር ነው የሚለው። ከኛ ጋር ካደረገችው ጦርነት በኋላ ግን ማብቂያ ጠፋለትና ለብዙዎች ዓመታት ሆነ። አዲስ አበባ ውስጥ ካሉት ኤርትራውያን ስደተኞች ስንቱ ይህንኑ ሸሽቶ እንደመጣ የሚያውቅ ያውቃል። በሌላ በኩል ኖርዌይ አለች። እዚያም አገልግሎቱ በሕግ ግዴታ ነው፤ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሴቶችንም ይጨምራል። ግን በየዓመቱ ለዕድሜው ከሚደርሱት ውስጥ የሚወሰደው ከስድስት አንድ ገደማ ነው። ፍላጎታቸውም ይጠየቃል፤ ጊዜው ሲያልቅ ወደ ቤት ይመለሳሉ። መመረጥ ራሱ የሚኮራበት ነገር ሆኗል። ሁለቱም ጋ ግዴታ አለ። ልዩነቱ የተነገረህ ቀን ሲደርስ ትለቀቃለህ ወይስ አትለቀቅም የሚለው ነው።

ጀርመን ደግሞ ግዴታውን በ2011 እ.ኤ.አ. አቁማው ነበር። አዲሱ ሕጓ አሁን የሚያስገድደው ከ2008 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተወለዱ ወንዶች መጠይቅ እንዲሞሉ ነው፤ ማገልገሉ እስካሁን በፈቃድ ነው። ካፌ ውስጥ «ጀርመን አፈሳ ጀመረች» ብለው የሚያወሩት ሰዎች ይህችን አልሰሙም። ወጣቶቹ ግን ለመጠይቁም ሰልፍ ወጥተዋል።

«እኛም ጋ እኮ በሕግ ግዴታ ነው»

አይደለም። አሁን ሥራ ላይ ያለ የብሔራዊ ውትድርና ሕግ የለም፤ መከላከያ የሚመለምለው በፈቃደኝነት ነው። ሕገ መንግሥቱ ግን በሩን ጨርሶ አልዘጋም። አንቀጽ 18 የግዴታ ሥራን ከከለከለ በኋላ ልዩ ሁኔታዎችን ይዘረዝራል። ከእነሱ አንዱ፣ ኅሊናው ስለማይፈቅድለት ውትድርናን የተወ ሰው በምትኩ የሚሰጠው አገልግሎት ነው። ይህ የሚያሳየው ሕግ አውጪዎቹ አንድ ቀን ግዴታ ሊመጣ ይችላል ብለው ማሰባቸውን ነው። ሕግ ሳይወጣ ግን ማንም ማንንም ከመንገድ ላይ ይዞ ማሠልጠን አይችልም። በተግባርስ? የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በ2017 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ፣ በኦሮሚያ ክልል አንዳንድ ከተሞች ለምልመላ በሚል ሰዎች ያለፈቃዳቸው መያዛቸውን፣ ዕድሜያቸው ያልደረሰ ልጆችም እንደነበሩባቸው ገልጿል። እንዲህ ያለ ወሬ ፒያሳ ሲደርስ፣ ወዶ ሊመዘገብ ያሰበውም ልጅ ያመነታል።

«ደሞዝ ይጨመርለት፣ ይጎርፋል»

ገንዘብ ይረዳል፤ ሥራ አጥ በበዛበት አገር ደግሞ በደንብ ይረዳል። ግን ብቻውን አይበቃም። የአሜሪካ ጦር በ2022 መጀመሪያ ላይ ለስድስት ዓመት ለሚፈርም ምልምል እስከ 50 ሺህ ዶላር ጉርሻ አቅርቦ ነበር። 15 ሺህ ሰው የጎደለበት ዓመት ያው ዓመት ነው።

የሜክሲኮ ወይም የካዛንቺስ ልጅም የሚያነጻጽረው ደሞዝን ከደሞዝ ጋር ብቻ አይደለም። ራይድ መንዳት አለ፣ ዱባይ አለ። «እግሬ ቢቆረጥ ማን ያየኛል?» የሚለውም አለ። ይህን ሁሉ ደምሮ ቀንሶ «አልገባም» ያለን ልጅ ፈሪ ማለት ቀላል ነው፤ ስሌቱ ግን ስህተት የለበትም።

«የአዲስ አበባ ልጅ ለጦር አይሆንም» የሚለውም ሳይረሳ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት መስቀል አደባባይ ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ምልምሎች በአጀብ ተሸኝተዋል። ከዚህ በላይ አልከራከርም። የሰሜኑ ጦርነት ላይ ያለን አቋም ይለያያል፤ ልጆቹ ግን ሄደዋል።

«ድሮን ካለ ሰው ለምን ያስፈልጋል?» ለሚለው ዩክሬን ትበቃለች። ሰማዩ በድሮን ተሞልቶም የእግረኛ እጥረቱ ስለጠናባት፣ በሚያዝያ 2024 እ.ኤ.አ. የክተት ዕድሜን ከ27 ወደ 25 ዝቅ አደረገች።

ወንድማችሁ ወይም እህታችሁ «ልመዝገብ» ብለው ከመጡ፣ መሳደብም ማጨብጨብም አያስፈልግም። ከመፈረማቸው በፊት አብራችሁ ሄዳችሁ አራት ነገር ጠይቁ። ኮንትራቱ ስንት ዓመት ነው? ከዚያ በፊት መልቀቅ ይቻላል? ጉዳት ቢደርስ ሕክምናና ጡረታው እንዴት ነው? ቤተሰብ የሚደውለው ለማን ነው? መልሱን ከሰፈር ደላላ ሳይሆን ከመዝጋቢው ስሙ፤ በጽሑፍ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል።