ስድስተኛው ቅያሪ ከየት መጣ?

ፕሪሚየር ሊግ ስናይ አንድ ቡድን አምስት ቅያሪውን ጨርሶ ስድስተኛ ተጫዋች ሲያስገባ፣ «ዳኛው መቁጠር አይችልም እንዴ?» የሚል አይጠፋም። ዳኛው ልክ ነው። ይህ ጭንቅላቱን ተመትቶ አንጎሉ ተጎድቷል ተብሎ ለተጠረጠረ ተጫዋች የሚደረግ ነው፤ የኮንከሽን ቅያሪ ይባላል። ከ2021 ጀምሮ ሲሞከር ቆይቶ በ2024 በጨዋታው ሕግ ውስጥ ገባ፤ ይጠቀሙበት አይጠቀሙበት የየውድድሩ ውሳኔ ነው። በአንድ ጨዋታ ለአንድ ቡድን አንድ ብቻ ይፈቀዳል። ተጋጣሚውም ተጨማሪ ቅያሪ ያገኛል። የወጣው ተጫዋች ግን «ተሽሎኛል» ቢልም አይመለስም።

ለምን? ኮንከሽን ማለት አንጎል በምት ተናውጦ ሥራው ለጊዜው ሲዛባ ነው። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ራሱን ካልሳተ ደህና ነው እንላለን። አብዛኛው ተጎጂ ግን ራሱን አይስትም። ሲቲ ስካንም ብዙ ጊዜ ምንም አያሳይም፤ የሚፈልገው የደም መፍሰስንና ስብራትን ነዋ! ራስ ምታቱ፣ ማዞሩ፣ መርሳቱ ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ ይችላል። ያላገገመ አንጎል ደግሞ ሲመታ ጉዳቱ ይብሳል። አልፎ አልፎ፣ በተለይ በወጣቶች ላይ፣ አንጎል አብጦ ሊገድል ይችላል። በሰፈር ሜዳ «ውሃ አፍሱበትና ይግባ» የምንለው ነገር ያስፈራኛል።

የተጎዳ ሰው አንድ ሁለት ቀን ቀለል አድርጎ ይረፍ፤ ስልክም ይቀንስ። ጨለማ ክፍል ውስጥ ሳምንት መተኛት ግን አያስፈልግም። ከዚያ የእግር ጉዞ፣ ቀስ በቀስ ሩጫ፣ ግጥሚያ ሐኪም ሲፈቅድ። ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ራስ ምታቱ ከባሰ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም አልነቃ ካለ ወዲያው ሆስፒታል ውሰዱት።