«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል»፦ ስለ አንድ ግስ እና ስለ አንድ የጅማ አናጺ

በጅማ ከተማ የለቅሶ ድንኳን ውስጥ፣ በተለይም ያረፈው ሰው በዕድሜ የገፋ ወይም በሙያው የታወቀ ከሆነ፣ ከተቀመጡት ሽማግሌዎች አንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «መቼም ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ሳይል አይቀርም፤ ሌሎቹም ራሳቸውን እየነቀነቁ ይቀበሉታል። እኔም ይህን አነጋገር ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬአለሁ፤ በአማርኛ መምህርነት ባሳለፍኋቸው ዓመታትም «መልካም የሠራ ሰው ከሞተ በኋላ አይረሳም ማለት ነው» እያልሁ በአንድ ዐረፍተ ነገር ሳስተምረው ቆይቻለሁ። ፍቺው ስሕተት አይደለም። ጎደሎ መሆኑን የተረዳሁት ግን ባለፈው ክረምት፣ ቡና ሲፈላ የምንቀመጥበት የቤታችን አሮጌ በርጩማ በተሰነጠቀ ጊዜ ነው።

አነጋገሩ በአራት ቃላት የቆመ ነው። «ስም» በአማርኛ መጠሪያ ብቻ ሳይሆን ዝናም ክብርም ነው፤ ስመ ጥር የምንለው መጠሪያው ያማረለትን ሳይሆን ሥራው የተወራለትን ሰው ነው፤ ስሙ ጠፋ የምንለውም ክብሩ የተነካበትን እንጂ መጠሪያው የተረሳውን አይደለም። «ከመቃብር በላይ» የሚለው ሐረግ ቦታን ያመለክታል፤ ሥጋ ከአፈር በታች ሲሆን ስም ከአፈር በላይ ይሆናል፤ ሞት የሚለው ቃል ሳይጠራም ሞት ተነግሮ ያልቃል። የአነጋገሩ ክብደት ያረፈው በማሰሪያ አንቀጹ፣ «ይውላል» በሚለው ቃል ላይ ነው።

አነጋገሩን ያቀናው ሰው «ይቀራል» ወይም «ይኖራል» ማለት ይችል ነበር፤ ሁለቱም ዐረፍተ ነገሩን ይዘጉታል። እርሱ ግን «ይውላል»ን መረጠ። «ዋለ» የ«አደረ» ጓደኛ ነው፤ የቀኑን ሰዓት ያሳለፈ ሰው ዋለ ይባላል፣ የሌሊቱን ያሳለፈ አደረ ይባላል፤ ስንገናኝም «እንዴት ዋላችሁ» እና «እንዴት አደራችሁ» እየተባባልን ቀንና ሌሊቱን እንከፋፍላለን። እንግዲህ ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲባል፣ ባለቤቱ አርፎ ሳለ ስሙ በጠራራ ፀሐይ በሰው መካከል፣ በገበያውና በመንገዱ ይመላለሳል ማለት ነው። ቃሉ በዚህም አያበቃም። አንድን ዕቃ አይተን «ይህ ለምን ይውላል?» ብለን ስንጠይቅ ስለ ጥቅሙ መጠየቃችን ነው፤ ሥራ ላይ ዋለ የምንለውም አገልግሎት የጀመረውን ነገር ነው። ደግሞም በጎ ያደረገልን ሰው «ውለታ ዋለልኝ» ይባላል፤ ውሎም ውለታም ከዚሁ ግስ የወጡ ናቸው። ስለዚህ በአንድ ቃል ውስጥ ሦስት ነገር ተቀምጧል፤ በቀን መመላለስ፣ መጥቀም፣ ለሰው በጎ ማድረግ። እኔ ለተማሪዎቼ ስነግራቸው የኖርሁት የመጀመሪያውን ብቻ ነበር።

የአነጋገሩ ሐሳብ በእምነቶቻችንም ውስጥ ሥር ያለው ነው። በመጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 22 መልካም ስም ከብዙ ሀብት እንደሚበልጥ ተጽፏል፤ በመጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 41 ደግሞ ስም ከወርቅ መዝገብ ይልቅ ለሰው እንደሚጸናለት፣ የመልካም ሕይወት ዘመን ሲቆጠር መልካም ስም ግን ለዘለዓለም እንደሚኖር ይነበባል። ሆኖም ወደ «ይውላል» ይበልጥ የቀረበውን ትምህርት የሰማሁት በአንድ የመስጊድ አጥር አጠገብ፣ የዚያን በርጩማ ሠሪ በቀበርንበት ዕለት ነው። አንድ ሼኽ ቆመው፣ የአደም ልጅ ሲሞት ሥራው እንደሚቋረጥ፣ ሦስት ነገሮች ግን እንደማይቋረጡ የሚናገረውን ሐዲስ አስታወሱ፤ እነርሱም የማያቋርጥ ሰደቃ፣ ሰዎች የሚጠቀሙበት ዕውቀት፣ እና ለወላጁ ዱዓ የሚያደርግ መልካም ልጅ ናቸው። በዚያ ስፍራ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ጎረቤት ነበር፤ ሁላችንም የሰማነው ስለ ቀበርናቸው ሰው የተነገረ መስሎን ነው።

በርግጥ ይህ አነጋገር ለረጅም ዘመን ሲጠቀስ የኖረው ለጌቶች፣ ለጦረኞችና ለሊቃውንት እንጂ ለእጅ ባለሙያ አልነበረም። እንጨት የሚጠርበው፣ ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸማ የሚሠራው ሰው ገና በሕይወቱ ሳለ በሙያው የሚሰደብበት ዘመን ስለ ነበር፣ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። በቁሙ ስሙ የተነካ ሰው ከመቃብር በላይ ምን ስም ይጠብቃል? በጅማም ቢሆን፣ ጅሬን ኮረብታ ላይ ያለውን ቤተ መንግሥት የጎበኘ ሰው ይዞ የሚመለሰው ከ1870 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ከ50 ዓመት በላይ የነገሡትን የአባ ጅፋርን ስም ነው፤ ያን ሁሉ እንጨት የጠረቡትን፣ ደረጃውንና መስኮቱን ያቀኑትን ሰዎች ስም እኔ በጎበኘሁበት ቀን አልሰማሁም፣ እውነቱን ለመናገር እኔም አልጠየቅሁም። አባ ጅፋር የሚለውም ቢሆን የፈረስ ስም ነው፤ ከንጉሡ መጠሪያ ይልቅ የተቀመጡበት ፈረስ በሕዝቡ አንደበት ዋለ።

የማስታውሳቸው አናጺ ሱቅ ከአዌቱ ወንዝ ብዙ ሳይርቅ፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ሰጋቱራ ሽታው ከመንገድ የሚጠራ ቤት ነበር። የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ሁለት ክረምት እርሳቸው ዘንድ ውዬአለሁ። ሁላችንም «ጋሼ» እንላቸው ነበር። ስማቸው በሥራቸው ላይ እንዲቀረጽ አይወዱም ነበርና እኔም እዚህ አልጽፈውም።

የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ተጠርቦ የሚወጣ፣ ሚስማርም ኮላም የማይነካው፣ ሦስት እግር ያለው መቀመጫ ነው። ሦስት እግር የሆነው በምክንያት ነው፤ ወለሉ ወጣ ገባ በሆነ የአፈር ቤት ውስጥ አራት እግር ካለው አንዱ ተንጠልጥሎ ሊያንገዳግድ ይችላል፣ ሦስቱ ግን ምንጊዜም መሬት ይይዛሉ። እንጨቱ ዋንዛ ነው፤ በሕይወት ሳለ ለቡና ተክል ጥላ ሆኖ የሚያገለግለው ያው ዛፍ፣ ሲቆረጥ ቡና ለምታፈላዋ መቀመጫ ይሆናል። ጋሼ ዋንዛውን ገና እርጥብ ሳለ ይጠርቡት ነበር፣ እርጥብ እንጨት ለስለት ይታዘዛልና። የግንዱ ልብ በመቀመጫው መካከል እንዲገባ በፍጹም አይፈቅዱም ነበር፤ ስንጥቅ የሚነሣው ከዚያ ስለሆነ ግንዱን ከልቡ ወዲህና ወዲያ ለሁለት ይከፍሉታል። ተጠርቦ ያለቀውን በርጩማ ደግሞ ወዲያው ለፀሐይ አያሰጡትም፤ በጥላ ሥር፣ በሰጋቱራ ውስጥ ለሳምንታት ይቀብሩታል፤ ውጪው ከውስጡ ቀድሞ እንዳይደርቅ እርጥበቱ በቀስታ እንዲወጣ ነው። «ቀብረኸዋል?» ብለው ሲጠይቁን ይህን ማለታቸው ነበር። የከተማችን ዝናብ ሥራውን ያዘገየዋል፤ ሐሙስ ገበያ ሳይደርስ ዕቃው እንዲያልቅላቸው የሚለምኑ ነጋዴዎች ነበሩ፤ እርሳቸው ግን ያልደረቀ በርጩማ ለገበያ ሲያወጡ አንድ ቀን አላየሁም።

ለእኔ የተሰጠኝ ሥራ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ነበር። አንድ ቀን የመቀመጫውን ላይኛ ፊት ካለሰለስሁ በኋላ አስረከብኋቸው፤ ገልብጠው ሆዱን በመዳፋቸው ዳሰሱና መልሰው ሰጡኝ። «ጋሼ፣ ከሥር ማን ያየዋል?» አልኋቸው። «ሲወድቅ ይታያል» አሉኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። ከዚያም በመቀመጫው ጠርዝ ሥር፣ ሴቶች በርጩማውን ይዘው ከጓዳ ወደ ሳሎን ሲሄዱ ጣታቸው የሚያርፍበትን ስስ ጎድጓዳ በመሮ እንዴት እንደሚያወጡት አሳዩኝ። ያ ጎድጓዳ ለዓይን አይታይም፤ የሚያውቀው እጅ ብቻ ነው። አዲስ አበባ ወስዶ የሚሸጥ ነጋዴ ስማቸውን ከሥሩ እንዲቀርጹ፣ ገዢ እንዲያውቃቸው፣ ደጋግሞ ለምኗቸው ነበር፤ «የሚቀመጥበት ሰው ወገቡ ይረፍ እንጂ እኔን አውቆ ምን ያደርጋል» ብለው መለሱት።

እንጨቱን ትቼ ወደ ትምህርቱ ሄድሁ፤ ጠመኔ ያዝሁ። አሁን ጡረታዬ ሲቃረብ፣ ሰው በዚህ ዕድሜው የሚጠይቀውን ጥያቄ እኔም መጠየቄ አልቀረም። በአገራችን ልማድ ልጅ የአባቱን ስም ይሸከማል፣ የልጅ ልጅም በሦስተኛ ደረጃ አያቱን ይጠራል፤ ከዚያ በኋላ ስሙ ከመታወቂያውም ከመዝገቡም ይወርዳል። መጠሪያ ብቻ ከሆነ፣ ከመቃብር በላይ የሚውለው ከሁለት ትውልድ ብዙም ላያልፍ ነው ማለት ነው።

ከጥቂት ወራት በፊት በአንድ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ደጃፍ ተቀምጦ ለባለጉዳዮች ማመልከቻ የሚጽፍ አንድ ወጣት አጋጠመኝ። ፊቱን አስታወስሁት፤ ከብዙ ዓመት በፊት ያስተማርሁት ልጅ ነበር። እርሱም ሲያየኝ ከመቀመጫው ተነሣና «የአማርኛ መምህራችን!» አለ፤ ስሜን ግን ሊያስታውስ አልቻለም። አልዋሽም፣ ይህ ልቤን ነክቶት ነበር። አጠገቡ አንዲት አሮጊት ስለ ቤታቸው አጥር አቤቱታ ሊያስጽፉ ተቀምጠዋል፤ ወጣቱ የጻፈውን ጮክ ብሎ አነበበላቸው፣ በመካከሉ አንድ ዐረፍተ ነገር ላይ ቆመ፣ ሰረዘው፣ ማን ምን እንዳደረገ ሳይታወቅ ነገሩ የሚንጠለጠልበትን ረጅም አነጋገር በሁለት ከፍሎ እንደ ገና ጻፈው። አሮጊቷ «አዎ፣ እንዲህ ነው የሆነው» አሉ። ያንን አከፋፈል አወቅሁት። ለዓመታት በደብተሮች ጠርዝ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ማን? ምን አደረገ? ክፈለው» እያልሁ የጻፍሁት ነው። የዚያን ዕለት ግን ስሜን መርሳቱን እያሰላሰልሁ ወደ ቤቴ ሄድሁ፤ በርጩማው እስኪሰነጠቅ ድረስ ነገሩ በሌላ በኩል አልታየኝም።

ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ በርጩማውን ከከሰል ምድጃው አጠገብ ለቀናት ትቼዋለሁ፣ ደረቅ ሙቀቱም ከጠርዙ ጀምሮ ሰነጠቀው። ከጋሼ ተለማማጆች መካከል ሙያውን ይዞ የቀጠለ አንድ ሰው አለና ወደ እርሱ ወሰድሁት። የማን ሥራ እንደ ሆነ አልነገርሁትም። ተቀብሎኝ ገለበጠው፣ መዳፉን በሆዱ ላይ አሳለፈ፣ ጣቶቹም ከጠርዙ ሥር ያለውን ጎድጓዳ አገኙ። «ጋሼ ናቸው» አለ። የጋሼ ሥራ ነው አላለም፤ ሰውዬው በበር የገቡ ይመስል «ናቸው» አለ። ከዚያ ከደረቀ ዋንዛ ስስ ሽብልቅ ላገና ስንጥቁ ውስጥ በኮላ አስገባው፤ የተረፈውን በመሮ ቆርጦ አስተካከለ።

በሱቁ ጥግ ብርጭቆ ወረቀት ይዞ የሚሠራ የአሥራ ሁለት ወይም የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበር፤ ስንነጋገር ሥራውን አቁሞ ያዳምጥ ኖሮ «ጋሼ ማን ናቸው?» ብሎ ጠየቀ። እኔ ልነግረው አፌን ከፈትሁ፤ ስማቸውን፣ ሱቃቸው የነበረበትን ስፍራ፣ የቀብራቸውን ዕለት ሁሉ ልነግረው ነበር። አናጺው ቀደመኝ። የልጁን እጅ ያዘ፣ በርጩማውን አዘንብሎ ጣቶቹን ከጠርዙ ሥር አስገባለትና «ይኸው» አለው።