የቲቢ ካርታ ሲቀላ ምን ማለት ነው? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የቲቢ ካርታ አሠራሩ ቀላል ነው። በጤና ጣቢያ መዝገብ የሰፈሩ ታማሚዎች በየወረዳቸው ይቆጠራሉ፣ ከሕዝቡ ብዛት ጋር ይሰላሉ። ብዙ የተገኘበት ይቀላል፣ ጥቂት የተገኘበት ይነጣል። ችግሩ አነባበቡ ላይ ነው።

«የቀላው ወረዳ በሽታው የበዛበት ነው»

ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። ካርታው የሚያሳየው የተገኘውን ታማሚ እንጂ ያለውን ሁሉ አይደለም። ሲዳማን እንይ። ከ2010 እስከ 2011 እ.ኤ.አ. የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ያሳለ ሰው እየፈለጉ በየቤቱ ዞሩ። አክታውን እዚያው ቀበሌው ውስጥ ተቀብለው ስላይድ በሚባለው የመመርመሪያ መስታወት ላይ ቀቡት። ተቆጣጣሪዎች ደግሞ ስላይዱን በሞተር ሳይክል ወደ ላቦራቶሪ አደረሱ። በአክታ ምርመራ የተረጋገጠ ታማሚ ከ100,000 ሰው 64 የነበረው 127 ደረሰ። በሽታው በአንዴ እጥፍ ሆኖ አይደለም፤ ፈላጊ ስላገኘ ነው። ካርታውን ብቻ ያየ ሰው ግን «ጉድ ፈላ!» ማለቱ አይቀርም።

«ነጭ ከሆነ ሰላም ነው»

እኔንስ ይበልጥ የሚያሰጋኝ ነጩ ነው። ጤና ጣቢያው የግማሽ ቀን መንገድ የሆነበት፣ አክታ የሚመረምር ላቦራቶሪ የሌለበት ወረዳ መዝገቡ ባዶ ቢሆን ምን ይገርማል? አርብቶ አደሩም ከብቱን ተከትሎ ይሄዳል። አንድ ቦታ ተመዝግቦ ስድስት ወር መድኃኒት መውሰድ ለእሱ ቀላል አይደለም።

«ቲቢ የብርድ በሽታ ስለሆነ ደጋው ይብሳል»

ብርድ ቲቢ አያመጣም። ሮበርት ኮክ ባክቴሪያውን ማግኘቱን በ1882 እ.ኤ.አ. ካሳወቀ ወዲህ ይሄ ያለቀለት ጉዳይ ነው። ቲቢ የሚተላለፈው በአየር ነው። ብርድ ካገዘውም ሰውን በዝግ ክፍል በማጨቅ ነው። ታክሲ ውስጥ «ዝጋው፣ ንፋስ ይመታናል» የምንባባለው ነገር እኮ ለቲቢ ይመቸዋል! ማረሚያ ቤቶች ውስጥ ቲቢ የሚበዛውም በመጨናነቁ ነው፤ ደጋ ሆነ ቆላ ለውጥ የለውም።

«ድህነት ባለበት ከቀላ፣ የድሃ በሽታ ነው»

የምግብ እጥረት፣ ኤች አይ ቪ፣ ስኳር፣ ሲጋራ በቲቢ የመታመም ዕድልን ይጨምራሉ። ካርታው ግን ስለ ሰፈር እንጂ ስለ አንድ ሰው አያወራም። ቪላ ውስጥ የሚኖር ሰውም ይተነፍሳል።

«ካርታው ላይ ቤቴ ይወጣል»

ለሕዝብ የሚወጣው ካርታ የወረዳ ቁጥር እንጂ ስምም የቤት ቁጥርም የለውም። «ሰው ያየኛል» ብሎ ሌላ ከተማ የሚታከም ወይም የዘመድ አድራሻ የሚያስመዘግብ ሰው ግን ካርታውን ያዛባዋል። ከዚያ የባሰው ደግሞ ባለሙያዎች አብረውት የሚኖሩትን ለመመርመር ሲመጡ ቤቱን አያገኙትም።