የደሴና የኮምቦልቻ ተማሪ ሕይወት፦ ዲፓርትመንት፣ ባች እና ሜዳ

ወሎ ዩኒቨርሲቲ በ2000 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረ ሲሆን አንድ ተቋም ሆኖ በሁለት ከተማ ተቀምጧል። ጤና፣ ግብርና፣ ቢዝነስ፣ ሕግና ማኅበራዊ ሳይንስ ደሴ ቀሩ። ኢንጂነሪንግና ኢንፎርማቲክስ ወደ ኮምቦልቻ ወረዱ። በመካከላቸው የሐረጎ ተራራ አለ፤ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፣ ኮምቦልቻ ደግሞ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። ስለዚህ የትምህርት ዘርፍ መምረጥ እዚህ አየርም ከተማም መምረጥ ነው። አንዱ በብርድ ጃኬት ለብሶ ላይብረሪ ሲገባ ሌላው በቲሸርት ወርክሾፕ ይውላል።

ምደባው የሚጀምረው ቀደም ብሎ ነው። ተማሪው 11ኛ ክፍል ሲገባ ተፈጥሮ ሳይንስ ወይም ማኅበራዊ ሳይንስ ይይዛል። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የተመለሰውን የፍሬሽማን ዓመት ይማራል። ፍሬሽ ሁሉ ተቀላቅሎ የሚውለው ያኔ ነው። ከዚያ ዲፓርትመንት ይለጠፋል። የሚለየው ምርጫና ውጤት ነው፤ ተፈላጊ ዲፓርትመንት የሚደርሰው ግሬዱ ላማረለት ነው። የፍሬሽ ጓደኝነት አብዛኛው የሚላላው በዚያ ሳምንት ይመስለኛል። የክፍል ፕሮግራሙ ይለያያል፣ ዶርሙም ብዙ ጊዜ ይለያያል፣ ሰው አብሮ የሚቸክለው ከባቹ፣ ማለትም በዓመቱ ካሉት የዲፓርትመንቱ ልጆች ጋር ይሆናል።

የሕክምና ተማሪ ከሁሉም ይርቃል። ፒሲ (ከሆስፒታል ልምምድ በፊት ያሉት ዓመታት) እያለ ከመጽሐፍ ጋር ነው፤ ሲ ዋን (የመጀመሪያው የሆስፒታል ዓመት) ሲደርስ ጋዋኑን ለብሶ ደሴ ሆስፒታል ይገባል። ክረምትና በጋውን የሚቆጥረው በሆስፒታሉ ዙር ነው። የፍሬሽ ጓደኞቹ ተመርቀው ሲሄዱ እሱ ገና ግቢ አለ። ኮምቦልቻ ያለው የኢንጂነሪንግ ተማሪ ደግሞ ትምህርቱን ከአጥሩ ውጭ ያየዋል። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው እዚያው ከተማ ውስጥ ነው፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክም አለ። ቴክስታይልና ጋርመንት ለሚያጠና ሰው ከዚህ የተሻለ ቦታ ማግኘት ከባድ ነው።

ወደ ሜዳው ስንመጣ ነገሩ ከውጭ አገር ይለያል። በአሜሪካ ኤንሲኤኤ የሚባለው ማኅበር ኮሌጆችን በስፖርት ሦስት ዲቪዥን ይከፍላል፤ ሦስተኛው ዲቪዥን ለስፖርተኛ በስፖርቱ የሚሰጥ ስኮላርሺፕ የለውም። የእኛ ተማሪ በሀገር አቀፍ ፈተና ውጤቱ ይመደባል እንጂ በእግሩ ፍጥነት አይገባም። ጎበዝ ተጫዋች የሚፈለገው በከተማ ክለብ ነው፤ ክለቡ ደግሞ ልምምዱን በክፍል ሰዓት አይመጥንም። እውነተኛ ተሰጥኦ ያለው ልጅ ከሁለት አንዱን እንዲተው ይገደዳል፤ ይህ ሊታሰብበት የሚገባ ጉድለት ነው።

ግቢ ውስጥ ያለው ስፖርት የሚከፋፈለው በዚያው በዲፓርትመንትና በባች መስመር ነው። ዲፓርትመንት ከዲፓርትመንት፣ ፍሬሽ ከሲኒየር ይገጥማል። ተመራቂዎች የሚጫወቱት ጂሲ ካፕ ግን የተለየ ስሜት አለው። ዓመት ሙሉ በአንድ ላውንጅ ሰላም ሳይባባሉ የኖሩ ልጆች እዚያ ይተዋወቃሉ፤ ተጋጣሚ ሆነው እንኳ። ጸጥተኛው የአካውንቲንግ ልጅ በረኛ ሆኖ ሲወጣ ባቹ አዲስ ሰው ያገኘ ያህል ይሰማዋል። ሴቶች ግን በአብዛኛው ደጋፊ ሆነው ይቀራሉ። ሜዳው ለእነሱም ሰዓት ቢይዝ የሚጫወቱ አይጠፉም።

በመማር ማስተማሩ ውስጥ ስፖርት ያለው ቦታ ጠባብ ነው። ፍሬሽማን ሁሉ ፊዚካል ፊትነስ ይወስዳል፤ ኮርሱ ማለፍና መውደቅ ብቻ ስለሆነ ግሬድ ላይ አይቆጠርም። ተማሪ ለማይቆጠር ነገር ብዙ አይለፋም። በደሴ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ሁኔታው ሌላ ነው፤ ለነገ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ሜዳው ራሱ ክፍሉ ነው። በወይዘሮ ስኂን ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ ደግሞ ሰልጣኙ ቀኑን በተግባር ስለሚያሳልፍ ለጨዋታ የሚተርፈው ጉልበት ጥቂት ነው።

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሁለቱ ከተሞች ሲደርስ ዩኒቨርሲቲው ተዘርፎ ተጎዳ። ጉዳቱ ለሁሉም እኩል አልነበረም፤ ታሪክ በጠመኔም ይሰጣል፣ ላብራቶሪ ያለ መሣሪያ አይሆንም። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና መጣ። ተመራቂው ድሮ ለጂሲ ካፕ ይተወው የነበረውን ከሰዓት አሁን ለሞዴል ፈተና ያውለዋል።